ብርጭቆ የመሰለው በርጩማ

የካንቱ ከተማው የወንበር ንድፍ አውጪ ኦሬስቴ የሞተው ራሱ የነደፈው የጠራ የፕላስቲክ በርጩማ እግሩ ተሰብሮ ሲጥለው ነው፤ የቤቱ ምድጃ ድንጋይ ጭንቅላቱን መታው። መርማሪዋ ብሩና ሳርቶር ስትደርስ ሰፈሩ ፈርዶ ጨርሷል። ፕላስቲኩን በቅርጽ የሚያፈሰው ኢቮ ርካሽ ጥሬ ዕቃ ቀላቅሏል ተባለ። የሟቹ ሸሪክ ፉልቪያም ይህንኑ መሰከረች። ሚስቱ ኤርሲሊያ አጠገቡ ነበረች፤ ግን ከድንጋጤዋ ብዛት አንደበቷ ተዘግቷል። ኢቮ እስር ቤት ሊገባ አንድ ሐሙስ ቀርቶታል።

ብሩና ከዚያው ጥሬ ዕቃ በዚያው ቀን የተሠራ ሌላ በርጩማ ከፉልቪያ ቢሮ አስመጣች። ወፍራሙ ረዳቷ ወጥቶ ዘለለበት፤ ንቅንቅ አላለም። የተሰበረውን ግን በማጉያ ስታየው መቀመጫውና እግሮቹ ከውጭ በኩል እንደ ፀጉር በቀጠኑ ስንጥቆች ተሞልተዋል። ከሥር አንድም የለም።

ኢቮን ለብቻው ጠየቀችው።

«ባለፈው ወር እዚያ በርጩማ ላይ ልቀመጥ ስል ማስትሮ ኦሬስቴ ከለከለኝ» አላት። «‹እሱ ለዓይን ብቻ ነው› አለኝ። ድሮ እኮ እየዘለልንበት ነበር ለደንበኛ የምናሳየው።»

ብሩና ይህን ስትሰማ ልቧ አዘነ። ቢሆንም ኢቮን፣ ፉልቪያንና ኤርሲሊያን በሟቹ የሥራ ክፍል ሰበሰበች።

«ጥሬ ዕቃው ንጹሕ ነው፤ መንትያው ሰው ተሸክሟል» አለች። «ይሄ ፕላስቲክ መዶሻ ይችላል። የመስታወት ማጽጃ ውስጥ ያለው አሞኒያ ግን ቀስ በቀስ ይበላዋል። የተሰነጣጠቀው ደግሞ ጨርቅ የደረሰበት ቦታ ብቻ ነው። ሲኞራ ኤርሲሊያ፣ በምን ነበር የሚወለውሉት?»

ኤርሲሊያ ልጇን ከቀበረች ወዲህ ሁለት ዓመት አልጋ ላይ ከርማለች። በዚህ በልግ መጀመሪያ የተነሳችው ያንን በርጩማ ልትወለውል ነበር።

«በመስታወት ማጽጃ» አለች። «ብርጭቆ መስሎኝ። በየቀኑ፣ እሱ እያየኝ። ዕቃ የሚያውቅ ሰው ለምን ዝም አለኝ?»

ብሩና መልሱን ብትውጠው ደስ ባላት። ኢቮ ግን ፊቷ ቆሟል።

«ያውቅ ነበር። ከአልጋ ያስነሳዎትን ነገር ሊነጥቅዎት አልጨከነም ይመስለኛል።»

ፉልቪያ ኢቮን ቀና ብላ ማየት አቃታት። ኤርሲሊያ ወደ ተሰበረው በርጩማ ዞረች።

«የልጃችንን ፎቶ ከምድጃው በላይ ካለው መደርደሪያ አውርድልኝ ብዬ በርጩማውን ያቀረብኩለት እኔ ነኝ። በርጩማውን አየ፤ እኔን አየ። ፈገግ አለና ወጣበት።»