በቁሜ የተለቀሰልኝ ቀን

እኔ በእንዲህ ዓይነት ነገር የማላምን ሰው ነኝ፣ ሰው "መንፈስ አየሁ፣ ድምፅ ሰማሁ" ሲል "ራብ ነው ያሳየህ" ብዬ የማሾፍ፣ እናቴ ጠበል ሂድ ስትለኝ እንኳ የምስቅ ነበርኩ፣ ስለዚህ እባክህ ሳትስቅብኝ ስማኝ።

ኮሌጅ ሳለን መምህር ፈንታሁን የሚባሉ የሂሳብ መምህር ነበሩን፣ የደባርቅ ሰው። እኔ ትምህርቱ ከብዶኝ ጥዬ ልጠፋ ስለነበር ሁልጊዜ በሩ ስር ነበር የምቀመጠው፣ እሳቸውም ገብቷቸው "የበሩ ልጄ" ይሉኝ ነበር፣ ሌላ ማንም እንዲያ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም። አንድ ቀን በሩን ዘግተው አጠገቤ ቁጭ አሉና "በል፣ ይህን ሳንፈታ እኔም አልወጣ፣ አንተም አትወጣ" አሉኝ። ፈታነው። እመነኝ፣ ሰው የሆንኩት ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው፣ አስተማሪም የሆንኩት በሳቸው ነው።

አሁን ግን የማስተምርበት የገጠር ትምህርት ቤት ከተዘጋ ቆየ፣ ዳባት እናቴ ቤት ተቀምጬ ግድግዳ ሳይ ነው የምውለው፣ ጨነቀኝ፣ በጣም ጨነቀኝ፣ በመጨረሻ በመተማ አድርጎ በሱዳን በረሃ ወደ ሊቢያ ከሚያሻግር ደላላ ጋር ተነጋገርኩ፣ ለማንም ሳልናገር፣ ለእናቴም። ልንነሳ ጥቂት ቀን ሲቀረን የመምህሬን መርዶ ሰማሁ፣ ለካ ከተቀበሩ ሰንብተዋል። ሳላለቅስላቸውማ አልሄድም ብዬ በሚኒባስ ደባርቅ ሄድኩ።

ቤታቸው ከከተማው ወጣ ብሎ በሊማሊሞ በኩል ነው። ገና ከሰዓት በኋላ ነበር፣ ግን የደባርቅን ጉም ታውቀው የለ፣ እጅህን ዘርግተህ ጣትህን አታይም። ባገራችን ዘግይቶ ለቅሶ የሚደርስ ሰው ከደጅ ጀምሮ ድምፁን አውጥቶ ያለቅሳል፣ ቤተሰቡም ተነስቶ እያለቀሰ ይቀበለዋል፣ እኔም አጥሩ ጥቁር ብሎ ሲታየኝ "ወየው መምህሬ! ወየው አባቴ!" ብዬ ለቀቅኩት። የወንድ ድምፅ ተቀበለኝ። ወንድማቸው ይሆናሉ ብዬ እያለቀስኩ ቀረብኩ፣ ኧረ በስመ አብ! የሚለቀሰው ለሳቸው አልነበረም።

"ወየው የበሩ ልጄ! አፈር እንኳ ሳይለብስ፣ ውሃ ጠምቶት፣ በአሸዋ ላይ!" ይላል፣ በዚያ የጠመኔ ብናኝ ባሻከረው የመምህሬ ድምፅ።  "ማነው?" አልኩ።  ቆይቶ ደግሞ ከጎኔ፣ ቀስ ብሎ፣ ጀመረ።

እንዴት ቤት እንደገባሁ አላውቅም። ባለቤታቸው እትዬ ሙሉ ከአንዲት ጎረቤት ጋር ተቀምጠዋል፣ ወንድ የሚባል በቤቱ የለም። አቅፈው አላቅሰውኝ ሲያበቁ ወደ በሩ ዞር አሉ።

"የተቀበለህ ሰውዬስ? ምነው ከደጅ ቀረ?"

"ከዚሁ የወጣ ሰው መስሎኝ ነበር እኮ፣ እትዬ።"

"ከዚህ ቤት ማን ወጣ? ልንነሳ ስንል እሱ ቀድሞን ሲያለቅስ ሰምተን ነው የተቀመጥነው። ደግሞ ድምፁ..." አሉና አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ጎረቤትየዋ አማተበች። እትዬ ሙሉ ፊቴን ትክ ብለው አዩኝና "ልጄ፣ ወዴት ልትሄድ ነው?" አሉኝ። ተሰናብቻቸው ወጣሁና ዳባት ተመለስኩ።

ደላላው ዛሬም ደውሏል፣ ነገ እንነሳለን ይላል፣ እሺም እምቢም አላልኩት። ብቀር ምን ይዤ እቀራለሁ? እስቲ በሞቴ፣ አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር? እናቴ ማዶ ጎረቤት ቤት እየተጫወተች ነው፣ ሳቋ ይሰማኛል። መርዶዬን መቼ እንደምትሰማ እንጃላት፣ ለቅሶዬ ግን ቀድሞ ተለቅሷል።