የተጫረው ዘንግ

«ቲቸር፣ በናትዎ ለአባዬ እንዳይነግሩብኝ!»

የፊዚክስ መምህሩ የአባቷ ጋራዥ በር ላይ እንደቆሙ ተማሪያቸውን ግራ ተጋብተው አዩዋት። «ምኑን?»

«ፈተናውን ነዋ! ከሃያው አራት ብቻ ማምጣቴን።»

«እኔ እንኳ የመጣሁት በመኪናዬ ጉዳይ ነበር፤» አሉ ሳቃቸውን ለመዋጥ እየታገሉ። «ግን ከኋላሽ ቆሞ የሚሰማን ሰው አለ።»

ዘወር አለች። አባቷ ሁለት እጆቹን ቱታው ኪስ ውስጥ ከትቶ ቆሟል።

«አንቺ ጩጬ፣ አራት? የመኪና ጎማ ነው እንዴ የቆጠርሽው?»

ሌላ ቀን ቢሆን ሦስቱም ይስቁ ነበር። መምህሩ ግን ወደ መኪናቸው አመለከቱ። ከሞተሩ ሥር፣ ጠጠሩ ላይ፣ ጥቁር ዘይት ጠብ ጠብ ይላል።

«ያው ቦታ ነው ጋሼ። ስመጣ ይኸው ሦስተኛዬ እኮ ነው።»

«ዕቃው ፎርጅድ ነው፤» አለ አባቷ ፈጠን ብሎ። «ዘንድሮ ደህና ኦይል ሲል ከየት ይገኛል!»

«ባለፈውም እንደዚሁ ብለውኛል። ይኸው አዲስ ገዝቼ መጥቻለሁ። ነገ እናቴን ሐኪም ዘንድ ላደርስ ረጅም መንገድ አለብኝ። ዘይቱ መንገድ ላይ ቢያልቅና ሞተሩ ቢቃጠል፣ አሮጊቷን ይዤ የት እገባለሁ?»

ልጅቷ ዓይኗን ጠጠሩ ላይ ወደሚንጠባጠበው ዘይት መለሰች።

ኦይል ሲል፣ ዘይት ከሞተሩ እንዳያመልጥ የሚሽከረከረውን ዘንግ ዙሪያውን አቅፎ የሚይዝ የጎማ ቀለበት ነው። አባቷ ይህን ቀለበት ሲገጥም የጎረቤት መካኒኮች ሥራቸውን ትተው ያዩት ነበር። «ይቺ ጎማ እንደ አማት ናት፤ በእርጋታ ካልያዛችኋት ዕድሜ ልካችሁን ታስለቅሳችኋለች» ይላቸው ነበር። ይህ ግን እጁ መንቀጥቀጥ ሳይጀምር በፊት ነው።

መንቀጥቀጡን በቤታቸው ማንም አንስቶት አያውቅም። እናቷ የእሱን ሻይ ግማሽ ብርጭቆ ብቻ ትቀዳለች። ደንበኛ ሲመጣ እጆቹ ኪስ ይገባሉ።

አባትና ልጅ የሞተሩን ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ እና ቺንጋው የሚዞርበትን ፑሊ ፈቱ። እሷ እንደ ልማዷ ባትሪ አበራችለት። አባቷ ሁለት ሳምንት ያልሞላውን ቀለበት ፈልቅቆ አወጣና ዘንጉን በጨርቅ ጠረገው። የሚያብረቀርቀው ብረት ላይ ቀጭን ጭረት ነበረች፤ ልክ የጎማው ከንፈር በሚያርፍበት ቦታ ላይ። የፈለገው ዓይነት ቀለበት ቢገዛ ዘይቱ በጭረቷ ሾልኮ መውጣቱ አይቀርም።

ልጅቷ ይህን ታውቃለች። የመጀመሪያ ቀን፣ አሮጌውን ቀለበት በካቻቢቴ ሲፈለቅቅ እጁ አምልጦት ብረት ከብረት ሲፋጭ ሰምታለች። ያን ቀንም ባትሪ የያዘችው እሷ ነበረች። ያን ጊዜ አባቷ ጭረቱን እንዳያየው ብርሃኑን ወደ ሌላ ቦታ አዞረችው። በሁለተኛው ጊዜም እንደዚያው።

«ምን ይታይሻል?» አለ አባቷ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

መምህሩ በሩ አጠገብ ስልክ ያወራሉ። «በጠዋት እደርሳለሁ እማዬ። ደህና ነው፣ አሁን እየሠሩልኝ ነው።»

«ምንም» ለማለት አንዲት ትንፋሽ ነበር የቀራት።

«ዘንጉ ተጭሯል፣ አባዬ። ካቻቢቴው ነው።»

«መቼ?»

«የመጀመሪያ ቀን። እጅህ ሲያመልጥህ አይቻለሁ።»

«አይተሽ ዝም አልሽ?»

«አዎ።»

ቢጮህባት ይሻላት ነበር። እሱ ግን ጨርቁን ጣቶቹ ላይ ጠቀለለ፣ ፈታው፣ መልሶ ጠቀለለው።

መምህሩ ሲመለሱ አባቷ እጆቹን ወደ ኪሱ አልከተተም።

«መምህር፣ ዕቃው ደህና ነበር። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

መምህሩ እጆቹን አይተው ቶሎ ዓይናቸውን ሰበር አደረጉ። «አይ ጋሼ፣ የሚያጋጥም ነው…»

«የሚያጋጥም አይደለም። እንዲህ ከሆንኩ ዓመት ሞላኝ።»

ዓመት። እሷ ሦስት ወር መስሏት ነበር።

ከዚያ አባቷ መፍትሔውን ነገራት። አዲሱ ቀለበት እስከ መጨረሻው ሳይገባ ትንሽ ወደ ውጭ ቢቀር፣ ከንፈሩ ጭረቱን ስቶ ንጹህ ብረት ላይ ያርፋል። መዶሻውን አነሳና ቆመ። መዶሻው አየር ላይ ይንቀጠቀጣል።

«እኔ ልግጠመው?» አለች።

ትክ ብሎ አያት። ከዚያም መዶሻውን በእጀታው በኩል ዘረጋላት።

«መጀመሪያ ከንፈሩን ዘይት ቀቢው። አሁን ዙሪያውን፣ እኩል እኩል። አትቸኩይ። እንደሱ… እንደሱ፣ የኔ እናት።»

ቀለበቱ ሁለት ሆኖ ታያት። መምታቷን አቁማ ፊቷን በክርኗ ጠረገች።

«ዓይኔ ውስጥ ዘይት ገባ፤» አለች።

«እኔም፤» አለ አባቷ።

ሞተሩን ግማሽ ሰዓት ያህል አስነስተው ጠበቁ። ጠጠሩ ላይ አዲስ ጠብታ አልወረደም። መምህሩ አመስግነው ሄዱ።

ሰኞ ጋራዡ አልተከፈተም። ልጅቷ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ትታ ከአባቷ ጋር ሐኪም ቤት ሄደች፤ ካርድ አወጣችለትና ወረፋ ይዘው ጎን ለጎን ተቀመጡ።