የተነቀለው ማሽን አለሁ ይላል

«ኢንስፔክተር፣ ሱሀይብን የገደለው ማሽን አሁንም አለሁ ይላል። እባክዎ ቶሎ ይምጡልን!» ብሎ ደወለ የሱሀይብ የሥራ ባልደረባ ፍቅሬ።

ኢንስፔክተር አስካለ የፒያሳውን አሮጌ ፎቅ ደረጃ እያማረረች ወጣች። ሱሀይብ ባለፈው ሳምንት ከቢሮው ኮምፒውተሮች አንዱን፣ ሦስተኛውን ማሽን፣ ከፍቶ ሲጠግን ኤሌክትሪክ የገደለው እዚህ ቢሮ ነው። ፖሊስ የማሽኑን ገመድ ነቅሎ ወለሉ ላይ ጥሎታል። ግድግዳው ላይ ያለው ስክሪን ግን ደጋግሞ «ሦስት፦ አለሁ» ይላል። ወይ ጉድ! ከዚያ ወዲህ ማንም ብቻውን ወደ ክፍሉ አይገባም።

«ይሄ አለሁ የሚለው ነገር ምንድን ነው?»

ፕሮግራመሯ ሊያ እንባዋን ጠረገች። «ፕሮግራማችን የሆስፒታሎችን የደም ክምችት ያገናኛል። የሚሠራው በብዙ ማሽኖች ነው፤ እያንዳንዱ ለሌሎቹ አለሁ ይላል፤ ዝም ካለ ሥራውን ይረከቡታል። ይህን የሚፈትን አውቶማቲክ ቴስት አለን። አንዱን ማሽን መርጦ ማጥፊያውን በራሱ ያጠፋበታል፣ መልሶ ያበራበታል። ያን ቀን ቴስቱን ያስነሣሁት እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የገደልኩት፤ እሰሩኝ!»

«ቆይ የኔ ልጅ። ሱሀይብ ገመዱን ለምን አልነቀለም?»

«ማናችንም አንነቅልም፤ ማጥፊያውን ብቻ ነው የምናጠፋው» አለ ፍቅሬ። «ቴስቱ ዝም ያለ ማሽን አይነካማ። እንዲያ አድርጎ የሠራውም ራሱ ሱሀይብ ነው።»

«አጥፍቶት ከነበር ማሽኑ ዝም ማለት ነበረበት» አለች አስካለ።

የድርጅቱ ባለቤት ሙኒር ጣልቃ ገባ። «ኮምፒውተር አይደል፤ ይሳሳታል። የአላህ ሥራ ነው።»

«አላህን እዚህ አያስገቡብኝ» አለች አስካለ፤ ሦስቱንም ስክሪኑ ፊት አቆመቻቸው። «የተነቀለ ማሽን አይናገርም። በስሙ የሚናገርለት አለ። እስቲ የሟቹን ቴስት በናንተ ልሞክረው፤ አንድ በአንድ ላጥፋችሁ።»

የፍቅሬን ላፕቶፕ አጠፋች። «ሦስት፦ አለሁ።» የሊያን አጠፋች። «ሦስት፦ አለሁ።» የሙኒርን ስታጠፋው ጽሑፉ ቀጥ አለ።

«ሦስተኛው ሲጠፋ ሌሎቹ መረከብ አቅቷቸው ፕሮግራሙ በሙሉ ይወድቅ ነበር፣ አይደል አቶ ሙኒር?»

ሙኒር ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። «ፕሮግራሙን ሊገዙን የተስማሙት ገዢዎች ስክሪኑን ከቢሯቸው ያያሉ። ሱሀይብ ግን ችግሩ ሳይስተካከል አናስረክብም ብሎ ድርቅ አለብኝ። በማሽኑ ስም ከላፕቶፔ አለሁ እንዲል አደረግኩ፤ ለሱ አልነገርኩትም።»

«ሱሀይብ ማሽኑን ሲያጠፋ ቴስቱ የርስዎን አለሁ ሰማ። የሚሠራ መስሎት መረጠው፤ መብራቱንም እጁ ላይ ለቀቀበት። ገዢዎቹ እንዳይነቁ ብለው ከቀብሩ በኋላም አላቆሙትም።»

«ይሞታል ብዬ አላሰብኩም! ወላሂ!»

ሊያ ቀስ ብላ ተነሣች። ሳምንቱን ሙሉ እህል አልቀመሰችም።

«ለቅሶው ላይ አጠገቤ ተቀምጠህ፣ እጄን ይዘህ፣ ‹ያንቺ ጥፋት አይደለም› ስትለኝ ታውቅ ነበር?»

ሙኒር አንገቱን ደፋ።

«ስለማውቅ ነው ያልኩሽ።»