ማንም የማይሰማበት ቦታ

የትናየት ማንኪያውን ከእናቷ በስተግራ ሲሚንቶው ላይ ለቀቀችው። እናቷ አሰለች ዞር አላለችም፤ የጧፉን ክር ሰም ውስጥ መንከሯን ቀጠለች። በስተቀኝ ስትለቀው ግን ቀና ብላ፣ «ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ?» አለች።

የትናየት ስምንተኛ ክፍል ናት። አንድ ነገር ከገረማት ሳታጣራው እንቅልፍ አይወስዳትም። የእናቷ ግራ ጆሮ ከፋሲካ ወዲህ ጭራሽ አይሰማም፤ አሁን ቀኙም እየደከመ ነው። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ጧፍ ገዢ ሲጠራት ዝም ስለምትል፣ ኮራች ብለው ያልፏታል።

«ይሄ የዕድሜ ማራዘሚያ ነው ጆሮዬን የበላው። ከነገ ጀምሮ አልውጠውም» አለች አሰለች።

እናቷ ኤች አይ ቪ በደሟ እንዳለ የትናየት ታውቃለች። መድኃኒቱን ከመጀመሯ በፊት ከአልጋ መነሣት እንኳ አቅቷት እንደነበርም አልረሳችም። ፈራች። «መጀመሪያ እንጠይቅ» ብላ ለምና ጤና ጣቢያ ወሰደቻት።

የደም ምርመራው ውጤት ሲመጣ ሲስተር ስሜነሽ የትናየትን አየት አድርጋ አመነታች።

«እሷ ትስማልኝ። እኔማ ምን እሰማለሁ» አለች አሰለች።

«የመድኃኒቱ ጥፋት አይደለም» አለች ሲስተር ቀስ ብላ። «ቂጥኝ ነው። ኤች አይ ቪ ያለበት ሰው ላይ ይበረታል፤ አንዳንዴ ጆሮ ድረስ ይደርሳል።»

«ደም ውስጥ ያለ ነገር ጆሮ ምን ወሰደው?» አለች የትናየት።

«ጆሮም ደም ይደርሰዋል እኮ። ከስንት ዓመት በፊት ገብቶ ተደብቆ ኖሮ ይሆናል። ዛሬውኑ ሆስፒታል ተኝታ መርፌ ከጀመረች ቀኙን እናተርፍላት ይሆናል። ግራውን እንጃ።»

«ምን አለች?» አሰለች ቀኝ ጆሮዋን አስጠጋች።

እንድትሰማ መጮኽ ያስፈልጋል። ክፍሉን ከተራ ጠባቂዎቹ የሚለየው መጋረጃ ብቻ ነው፤ ከመጋረጃው ወዲያ ጎረቤታቸው ወይዘሮ ወለተ ሐና አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ትምህርት ቤት ልጆች ሲጣሉ የሚሰዳደቡት በዚሁ በሽታ ስም ነው። የትናየት «ብርድ ነው» ልትል አፏን ከፈተች። ግን ለብርድ ብሎ ማን ሆስፒታል ይተኛል? እናቷ ጆሮዋን በነጠላ ሸፍና ወደ ጧፏ ትመለሳለች፤ ክኒኑንም ትጥለዋለች።

«ሲስተር፣ ትንሽ ይጠብቁን» አለችና የእናቷን እጅ ያዘች።

«ምን አሏችሁ?» አሉ ወይዘሮ ወለተ ሐና።

«ገና አልጨረስንም» ብላ አለፈቻቸው።

ወደ አሸተን ማርያም በሚወስደው አቀበት ቤቶቹ እስኪያልቁ ወጡ። ከዚያ የትናየት እጆቿን አፏ ላይ እንደ ጥሩምባ አድርጋ በእናቷ ቀኝ ጆሮ ሁሉንም ነገረቻት። የበሽታውን ስም ሁለት ጊዜ ጮኸች፤ በመጀመሪያው አልተሰማትም ነበር።

አሰለች ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ቆየች። ስትገልጠው ዓይኖቿ ቀልተዋል።

«ሰው ሰምቷል?»

የትናየት ራሷን በአሉታ ነቀነቀች።

«እንግዲያው ፍጠኚ፤ ሲስተሯ ሳትወጣ።»

የትናየት ገና የምትጠይቀው ብዙ ነበራት፤ ለጊዜው ተወችው። ቁልቁለቱን ሲጀምሩ በእናቷ ግራ በኩል ሆነች። በዚያ በኩል በቅሎም መኪናም ቢመጣ የምትሰማው እሷ ናት።