አንገተ ረጃጅም እንጉዳዮች

የኢርሻድ ሬሳ የተገኘው ከቀትር በኋላ፣ በእንጉዳይ ማብቀያው ቤት ውስጥ፣ ራሱ ካበቀለው ዛፍ ሥር ተጋድሞ ነው። ዛፉን የሠራው የጭሮ ከተማ ሰው ሁሉ ነው፦ ከየቤቱ ገራባ፣ ማለትም የጫት ተረፍ፣ እያመጣ ጠቀጠቀው፤ ኢርሻድ የእንጉዳይ ዘር ዘራበት፤ ነጭ ድሩ ሁሉንም አያይዞ አቆመው። ለጠፋው የተራራ ደን መታሰቢያ እንዲሆን በሳምንቱ ሊመረቅ ነበር።

ኢንስፔክተር ሩሐማ ስትደርስ ጥበቃው እንዳሻው በካቴና ታስሯል።

«ኢርሻድ ታሞ ተኝቶ ሳለ፣ ይሄ ትናንት ሊጠይቀው ሄዶ ከበደሳ ያመጣውን የጅብ ጥላ፣ የዱር እንጉዳይ፣ አበላው» አለ አክረም፣ የሟቹ የሥራ ባልደረባ። «ወላሂ፣ ሲጨቃጨቁም ሰምቻለሁ።»

«እኔም እኮ በልቻለሁ!» አለ እንዳሻው። «የተጨቃጨቅነውም ቅቤ አበዛህበት ብሎኝ ነው።»

ሩሐማ ጎንበስ አለች። ትውከት የለም። የሟቹ ጉንጭ ግን የጤነኛ ሰው ያህል ቀልቷል። እንዲህ ያለ መቅላት በራቸውን ዘግተው ከሰል አንድደው በሞቱ ሰዎች ፊት ላይ አይታለች። ጥግ ላይ ምድጃ አለ፤ አመዱ ገና ለብ ይላል። መስኮቱ ግን ወለል ብሏል።

«ሁልጊዜ ክፍት ነው?»

«ሁልጊዜ። እንጉዳይ አየር ይፈልጋል» አለ አክረም።

ዛፉ ላይ የወጡትን እንጉዳዮች ዳሰሰች። አንገታቸው እንደ ጣት ረዝሟል፤ ባርኔጣቸው ከአዝራር አይበልጥም። በረንዳው ላይ ከዚያው ዘር የበቀሉት እንደ መዳፍ ተዘርግተዋል።

ሁሉንም ዛፉ ሥር ሰበሰበች፤ የሟቹን እናት አዴ ሳሊሃንም።

«እንጉዳይ አየር ሲያጣ አንገቱን ያሰግጋል» አለች። «እነዚህ ቀናት ታፍነው ከርመዋል። እንዳሻው እስከ ትናንት አራት ቀን በደሳ ነበር፤ ኢርሻድ አልጋ ላይ። በእነዚያ ቀናት ቁልፉ አንተ ዘንድ ነበር፣ አክረም። መስኮቱ ጠርዝ ላይ የተገነጠለ ፕላስተር ሙጫ አለ፤ አቧራ እንኳ አልያዘውም።»

አክረም ተንበረከከ። «ዛፉን ንፋሱ ሲያደርቀው ጊዜ… ለምርቃቱ እንዲደርስ ብዬ ነው የዘጋሁት። ሞቶ ሳገኘው ፈራሁና ገነጠልኩት።»

«እንግዲህ እንዳሻው ነፃ ነው። ኢርሻድን የገደለው የታፈነ ቤት ነው።»

ሩሐማ እዚያ ላይ አቆመች። ስለ ምድጃው አላነሳችም።

«የታፈነ ቤት ብቻውን ይገድላል?» አሉ አዴ ሳሊሃ።

በእጃቸው ወደ ምድጃው አመለከቱ።

«ዛሬ ዛፌን ልይ ብሎ ተነሣ፤ አብሬው መጣሁ። ‹በረደኝ፣ እናቴ› አለኝ። ፍሙን ያስገባሁለት እኔ ነኝ። በሩንም ገጥሜለት የወጣሁ እኔ።»

እንዳሻው ካቴናው እንደተፈታለት ማንንም ሳያይ ወደ ጥጉ ሄደ። ምድጃውን አነሣና ከእናትየው ዓይን አራቀው።