ዋጤን ያነደዱት ሁለት ጥሪዎች

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ ብላችሁ ስሙኝ። መቀመጫ ያጣ እኔ አጠገብ ይምጣ።

በሰርማን መንግሥት ቀዩ ወንዝ ከዕለታት አንድ ቀን ቀጠነ። በላይኛው ሸለቆ የሚኖሩ አንዳንድ ሰዎች ክፉ መንፈስ ተጠናውቷቸው፣ «በቃኝ» ማለትን ረስተው፣ እያበጡ እየበዙ ውሃውን ወደ ራሳቸው ጠልፈውት ነበር። ከታች ባለው አገር ሲራን የምትባል ልጅ ነበረች፤ ታናሽ እህቷ ኤልና በውሃ ጥም ከንፈሯ ደርቆ ተኝታለች።

ሸለቆውን የሚጠብቅ ዋጤ የሚባል ግዙፍ ነበር፤ ጥራጊውንም ጠላቱንም የሚውጥ። እጁን አንሥቶ «የቤት ነኝ» ያለውን ግን ላይነካ ምሏል። ያበጡት ሌላውን ሁሉ ሲረሱ ይህችን ቃል አልረሷትም።

የሲራን ወገኖች ዋጤን የሚያነቃ ጥሪ በደረታቸው ይዘው ይወለዳሉ፤ ጥሪውን የሰጠ በዋጤ ልብ ውስጥ ይቀልጣል እንጂ አይመለስም። ብቻን መሄድ ክብራቸው ነው። ስንቱ ጀግና ለየብቻው ሄዶ ቀለጠ! ዋጤ ይነቃል፣ ያዛጋል፣ ተመልሶ መጥረጊያውን ያነሣል። ሲራን ግን አንድ ጥሪ እንደማይበቃው አይታ፣ ክብሩ ይቅርብኝ ብላ፣ ወገኖቿ ከጥንት ከማይወዷቸው፣ እሳት የሚያነሣ ጥሪ ከያዙት ወገን፣ ሽማግሌውን ነዲን አብሯት እንዲሄድ ለመነችው።

«አያትሽ እኮ ከኔ ጋር እሳት እንኳ አትሞቅም ነበር» አላት እየሳቀ። በትሩን ግን አነሣ።

ያበጡት መንገዱን በእሾህ አጠሩ፤ በጣፋጭ ቃልም ሊያስቀሯቸው ሞከሩ። ነዲ እየቀለደ፣ ሲራን እህቷን እያሰበች አለፉ።

ዋጤ ጉዳያቸውን ሰምቶ አንገቱን ደፋ። «ልጄ፣ እነዚያ ያበጡት በመዳፌ ያሳደግኋቸው ናቸው። ዛሬም የቤት ነን ይሉኛል።»

«አባባ ዋጤ፣ የቤት ሰው የእህቱን ውሃ አይጠጣም።»

ይህን ብላ እጇን ደረቱ ላይ አኖረች፤ እንደ ጨው ሟሟች። በልቡ ውስጥ ሆና ጆሮው ሲቆም፣ ክንዱ ሲጠነክር ተሰማት። ሊያዛጋ አፉን ሲከፍት የነዲ ድምፅ ደረሰ።

«ቆዪኝ እንጂ አንቺ ልጅ፣ አብረን መጥተን ብቻሽን ትገቢያለሽ?»

እሱም በትሩን ጥሎ እጁን የዋጤ ደረት ላይ አኖረ፤ እንደ እሷም ሟሟ፤ እሳቱ ያኔ ተነሣ። ዋጤ እያለቀሰ ነደደ፤ ትንፋሹ ያበጡትን አቃጠለ፤ ከእነሱ የቀሩትን አቅፎ ዋጣቸው። ከደህናዎቹ ቤቶች አንዱንም አልነካም። ሲራን መጨረሻ የሰማችው ውሃው ወደ ኤልና ሲወርድ ነው።

የሐኪም ቤት ሰዎች በደማችን ውስጥም እንዲህ ያሉ በሽታን የሚውጡ ዋጮችና እነሱን የሚያነቁ ጠሪዎች አሉ ይላሉ። እንግዲህ ልጆቼ፣ ሲራንን ስታነሡ ነዲን አትተዉት። አደራ፣ ሁለቱን አንድ ላይ አስታውሱልኝ።