የጠሃ ክትባት

ኢንስፔክተር ሽታዬ የቡ ከተማ ስትደርስ ጠሃ ተቀብሯል። ቡና ገበሬው የሞተው በእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ ክትባቱን ግን ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ካለ ክሊኒክ ጨርሷል ተብሎ ነበር። ስለዚህ ነርሷ ቤተል ታሰረች። መብራት ጠፍቶ ፍሪጅ ውስጥ የተበላሸ ክትባት እያወቀች ወግታዋለች ተባለ።

የክትባቱ ጠርሙስ ተጥሏል። የቀረው ጠሃ ሆስፒታል ሳለ የተቀዳ ደም ብቻ ነው።

«የወጋሽው ሰው ምን ይመስላል?» አለች ሽታዬ ጣቢያ ውስጥ።

«ወረፋው ብዙ ነው። ጠሃ ብዬ ስጠራ አቤት አለ» አለች ቤተል። «ክንድ እንጂ ፊት የማይበት ጊዜ የለኝም።»

ሽታዬ በንዴት ወጣች። የሟች ሚስት ዙህራም አልረዳቻትም።

«ሁልጊዜ ከወንድሙ ከኢርፋን ጋር ነው ጅማ የሄደው። ነርሷ ናት የገደለችብኝ፤ ሌላ ምን ትጠይቂኛለሽ?»

ኢርፋን ቡና ያገላብጥ ነበር። የጎረቤት ውሻ ሲያልፍ እግሩን ሰበሰበ።

«ክትባቱ ያመው ነበር?»

«አቦ፣ ምንም አያምም። ማታ ክንድ ያሳክካል፣ በቃ።»

«እሱ ነገረህ?»

ኢርፋን ወደ ቡናው ዞረ። «አዎ።»

ሽታዬ የሟቹ ምራቅ የነካቸው ሁሉ ይመርመሩ ብላ የዙህራንና የኢርፋንን ደም አስቀዳች። ከዚያው ጠርሙስ የተወጋችውን የሌላዋን ታካሚ የሩፈይዳን ደምም ጨመረች። ውጤቱ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ በየቀኑ ደወለች፤ በየቀኑ «ነገ» አሏት።

በመጨረሻ ሁሉንም ዙህራ ግቢ ሰበሰበች። ቤተል ከፖሊስ ጋር ቆማለች።

«ክትባቱ የሞተ ቫይረስ ነው» አለች ሽታዬ። «ሰውነት ያንን አይቶ መከላከያ ይሠራል፤ መከላከያው ደም ውስጥ ይገኛል። ሩፈይዳ አላት። ስለዚህ ክትባቱ አልተበላሸም።»

«ጠሃስ?» አለች ዙህራ።

«የለውም። ሰውነቱ ክትባቱን ጨርሶ አላየውም። በስሙ ሌላ ሰው ተወግቷል። አንቺ አልተከተብሽም፤ ደምሽም ባዶ ነው። ኢርፋንም ደሙ ሲቀዳ አልተከተብኩም ብሏል፤ ደሙ ውስጥ ግን መከላከያው ሞልቷል። ማሳከኩን የሚያውቀው ከራሱ ክንድ ነው።»

ኢርፋን ሱሪውን ሰበሰበ። ባቱ ላይ የጥርስ ጠባሳ አለ።

«ውሻው ሁለታችንንም ነው የነከሰን። እናታችን እንዳትደነግጥ የኔን ደበቅነው። ክሊኒኩ ግን ለአንድ ሰው የሚሆን ብቻ ነው የቀረን አለ። ጠሃ ‹በስሜ ግባ፣ እኔ ሌላ ቦታ አግኝቻለሁ› አለኝ። ወላሂ፣ አመንኩት።»

«ሲታመም ግን ገባህ።»

«ገባኝ።»

«ነርሷ ስትታሰር ዝም አልክ።»

ሽታዬ ይህን ሁሉ ጊዜ የፈለገችው ገዳይ ነበር፤ አሁን በቤተል ምትክ የምታስረው ነፍሰ ገዳይ አጣች።

ዙህራ ተነሳች። ኢርፋን በጥፊ የምትመታው መስሎት ፊቱን አዞረ። እሷ ግን የሸሚዙን እጅጌ ጠቅልላ የተወጋውን ክንዱን ለረጅም ጊዜ አየችው።

«መጀመሪያ ይህችን ልጅ ይቅርታ ጠይቅ» አለችው ወደ ቤተል እየጠቆመች። «ከዚያ በኋላ ነው ከእኔ ጋር የምትነጋገረው።»